ይቅር ለእግዚአብሔር

በዚህ ዓለም ሲኖር በደል የማይደርስበት ሰው የለም። ድኻው በድንበሩ፥ ባለጸጋው በሀብቱ፥ ካህኑ በአገልግሎቱ፥ ባልና ሚስት በትዳራቸው፥ ወንድምና እኅትም በአባታቸው ርስት ይበደላሉ። መበደል ምርጫችን አይደለም፤ ሌላው ሰው የሠራው ሥራ ነውና። ከተበደልን በኋላ ግን ሁለት መንገድ በፊታችን ይታያል፤ አንዱ ቂም ነው፥ ሁለተኛውም ይቅርታ ነው። ከሁለቱ በአንደኛው መሄድ የእኛ የራሳችን ፈንታ ነው። ስለነዚህ ስለ ሁለቱ መንገዶች ማሰብ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን በዚህ ወር ጥቂት እንጽፋለን።

ከሁሉ አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናገር። ለተበደለ ሰው «ይቅር ማለት ምን ያስቸግራል» እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው በደል ያልቀመሱ ናቸው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ሲሉ ስለ ሰው ልብ እውነቱን ተናግረዋል። እኛም የተወጋውን ሰው «ቍስልህ ቍስል አይደለም» ልንለው አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው፤ ቍስሉ ተሸፍኖ እንዲመረቅዝ ወይም ታጥቦ እንዲሽር መምረጥ የሚችለው ባለ ቍስሉ ነው።

ቂም ምን እንደ ሆነ

ቍጣና ቂም አንድ አይደሉም። ቍጣ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ድንገት ይሞላል፥ ድንጋይና ግንድ ያንከባልላል፥ ሲመሽም ይጎድላል። ቂም ግን እንደ ረግረግ ነው፤ ድምፅ የለውም፥ ላዩም ሣር ለብሶ ያምራል፥ የረገጠውን ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ተቈጥቶ ከሚጮኸው ሰው ይልቅ ተበድሎ ዝም ያለው ሰው ሊያሳስበን ይገባል።

ይህን ገልጦ የሚያሳየን የአቤሴሎም ታሪክ ነው። አምኖን እኅቱን ትዕማርን ባዋረዳት ጊዜ አቤሴሎም አልጮኸም፤ ለአምኖንም ክፉም ሆነ በጎ ቃል አልተናገረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቈየ። ከዚያም በጎቹ በሚሸለቱበት ጊዜ ግብዣ አዘጋጅቶ ወንድሙን ጠራው፤ በወይን ጠጅም ልቡ ደስ ባለው ጊዜ አስገደለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አባታቸው ንጉሥ ዳዊት ነገሩን ሰምቶ እጅግ ተቈጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በአምኖን ላይ አልፈረደም፥ የትዕማርንም እንባ አላበሰም። ዳኛው ዝም ባለበት ቤት ተበዳዩ ራሱ ዳኛ ይሆናል። የአቤሴሎምም ቂም ወንድሙን በመግደል አልበረደም፤ ውሎ አድሮ በገዛ አባቱ ላይ ጦር አስነሣው፥ በመጨረሻም በዛፍ ቅርንጫፍ ተይዞ ተንጠልጥሎ ሳለ ተገደለ። እንግዲህ ቂም የሚያድገው ከተበዳዩ ልብ ክፋት ብቻ ሳይሆን ከፍርድ መጓደልም ጭምር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለ ቂመኛ ሰው ጸሎት ደግሞ አገራችን አጭርና ስለታም ምሳሌ አላት፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ሳል ያለበት ሌባ በጨለማ ተደብቆ ሲገባ የገዛ ጉሮሮው ያጋልጠዋል። ቂም የያዘ ሰውም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ምሕረትን ሲለምን የገዛ ልቡ ይመሰክርበታል። «አባታችን ሆይ» በምንለው ጸሎት ውስጥ የእኛ በደል እንዲተውልን የምንለምነው፥ እኛ የበደሉንን በምንተውበት ልክ ነው። እንግዲያስ ቂመኛ ሰው በየማለዳው በገዛ አፉ በራሱ ላይ እየፈረደ ይውላል ማለት ነው።

ቂም ርስት ሲሆን

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፥ በቡሬም ሆነ በጃቢ ጠህናን ወይም በደምበጫ፥ የጠብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ገበሬው ሲያርስ ድንበር ያለፈች አንዲት ትልም፥ በበርበሬ ማሳ ገብቶ ያደረ ከብት፥ በሠርግ ቤት በመጠጥ ላይ የተወረወረ ስድብ፥ የአባት መሬት በወንድማማች መካከል ሲካፈል የተጓደለ አንድ ጥማድ፤ መነሻው ይህ ነው። ነገሩ በወቅቱ ዳኛ ካላገኘ ግን ከቃል ወደ ዱላ፥ ከዱላም ወደ ጥይት ይሄዳል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ደመኛ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ገበያ መሄድ ያስፈራል፤ ከብት የሚያሰማራ ልጅ ያሳስባል፤ በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ ሁለት ቤተ ሰቦች አንዱ በመጣበት ቀን ሌላው ይቀራል።

በቀድሞው ዘመን ሥርዓት ነፍስ በማጥፋት የተፈረደበት ሰው ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። እነርሱም ወይ ደሙን በደም ይመልሳሉ፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ስለዚህ በቂምና በይቅርታ መካከል የመምረጥ ነገር ለአያቶቻችን የስብከት ቃል ብቻ አልነበረም፤ ባለ ደሙ በእጁ ይዞት የሚቆም ነገር ነበረ። ዛሬ ፍርዱ የመንግሥት ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ በሟች ልጅ ልብ ያለውን ነገር ሊያስር አይችልም። የእስራት ዘመኑን ጨርሶ የወጣ ሰው ወደ ቀዬው ለመመለስ የሚፈራበት ምክንያት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ቂም እንደ ርስት ለልጅ መተላለፉ ነው። ደመላሽ የሚለውን ስም እንመልከት። ስሙን የተሸከሙ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ከምን ዓይነት ዘመን እንደ መጣ ይናገራል። ሕፃኑ ገና በክርስትና ሳይጠመቅ የሚጠብቀው ሥራ ተቈርጦለት ነበር ማለት ነው። እኛ መምህራን ይህን ነገር ከማንም አስቀድመን እናየዋለን። ሁለት ሕፃናት በአንድ መቀመጫ አብረን አንቀመጥም ሲሉ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አያውቁትም፤ መልሳቸው «አባቴ ከነሱ ልጅ ጋር አትቀመጥ ብሎኛል» የሚል ነው። ያልበደለውም ያልተበደለውም ሕፃን የማያውቀው ዕዳ ባለዕዳ ሆኖ ፊደል ይቈጥራል። «በቀለ» እና «ተበቀለ» የሚሉት ቃላት በፊደል እንደሚመሳሰሉ ልጆቻችንን ስናስተምር፥ በቀል እንደ ዘር ተዘርቶ በልጅ ልጅ እንደሚበቅል ይታወሰናል።

ሽማግሌዎችና ካህናት የሚሠሩት ሥራ

እግዚአብሔር ይመስገንና አገራችን ለዚህ በሽታ ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት አላት። ይኸውም ሽምግልና ነው። ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ካህናትም መስቀላቸውን ይዘው አብረው ይሄዳሉ። የሟች ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ እንዲልም አይጠበቅም። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፥ እንደ ገና ይሄዳሉ። ትዕግሥታቸው ራሱ ለሟች ክብር ነው፤ «የሞተብህ ሰው በአንድ ቀን ልመና የሚረሳ አልነበረም» ማለታቸው ነውና።

ነገሩ ሲበስል ሁሉም በዛፍ ጥላ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቀመጣል። በመጀመሪያ እውነቱ ሳይድበሰበስ ይነገራል፤ ማን ምን እንዳደረገ በዳዩ በገዛ አፉ ይናዘዛል። ቀጥሎም ካሳው ይቈረጣል። ከዚህ በኋላ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፥ አንገቱን ደፍቶ በተበዳዮቹ እግር ላይ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ነው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል የሚሰማው። ካህናቱ ይባርካሉ፤ ሁለቱም ወገን ዳግመኛ በዚህ ነገር ላይነሣሡ ይምላሉ፤ አብረውም ይበላሉ ይጠጣሉ። ደሙ ደረቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የሥርዓቱን ቅደም ተከተል አስተውሉ። እውነት ይቀድማል፥ ካሳ ይከተላል፥ ከዚያ ትሕትና፥ ከዚያ ይቅርታ፥ በመጨረሻም መሐላ ይመጣል። እውነቱ ሳይነገር «ታረቁ፥ ተሳሳሙ» ብሎ ማቻኮል የሽማግሌ ሥራ አይደለም፤ የረግረጉን ላይ ሣር ማልበስ ነው። በሌላውም ዓለም ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ካበቃ በኋላ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ1988 ዓ. ም. የተበዳዮችን ቃል በአደባባይ መስማት ሲጀምር፥ በዳዩ ምሕረት ለማግኘት የሠራውን ሁሉ አስቀድሞ መናገር ነበረበት። የኛ ገበሬ ሽማግሌዎች ይህን ሥርዓት ከብዙ ዘመን በፊት በዋርካ ጥላ ሥር ሲሠሩበት ኖረዋል።

የይቅርታውም ቃል ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። «ይቅር» የሚለው ቃል «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ትርጓሜውም «ይህ ነገር ወደ ኋላ ይቅር፥ ከእንግዲህ ከኛ ጋር አይሂድ» እንደ ማለት ነው። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሸክሙን በመንገድ ዳር አውርዶ መንገዱን እንደሚቀጥል ያለ ነው። ሸክሙ ጠፋ ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም አይልም፤ «እኔ ከእንግዲህ አልሸከመውም» ይላል እንጂ።

ሸክሙ ለማን ይቀራል ያልን እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመልስልናል፤ «ለእግዚአብሔር» ይላል። ተበዳዩ «ስለ አንተ ብዬ» አይልም፤ በዳዩ ይህ የሚገባው ሰው ላይሆን ይችላልና። «ዕዳ የለብህም» ማለቱም አይደለም። ዕዳውን ከገዛ እጁ አውጥቶ ለማይሳሳተው ዳኛ ማስረከቡ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹ በፊቱ በወደቁ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። በእግዚአብሔር ስፍራ እንዳልተቀመጠ ነገራቸው፤ ነገር ግን ክፉ እንዳሰቡበት ሳይሸሽግ ተናገረ። ከዚያም አስቀድሞ ጽዋውን በብንያም ዓይበት አስደብቆ፥ ታናሽ ወንድማቸውን እንደ ቀድሞው ይተዉት እንደ ሆነ ፈትኗቸው ነበር። እንግዲህ የዮሴፍ ይቅርታ ዓይኑን የጨፈነ ይቅርታ አልነበረም።

የሰላም መንገድ

ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቀድሞ ውጀት ይባል የነበረው ይህ ስፍራ የአሁኑን ስሙን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንዳገኘ፥ ይኸውም ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል ከማለፋቸው ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ በአገሩ ይነገራል። ነገር ግን መንገዱ የሰላም መንገድ ከመባሉ በፊት የጦር መንገድ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የጎጃም አርበኞች በየዱሩ ለአምስት ዓመት ሲዋጉ ቈይተው ስለ ነበር ጠላት ከምሽጉ ብዙ ርቆ መውጣት አይችልም ነበር። በየካቲት ወር መጨረሻ የቡሬው የጣልያን ጦር ምሽጉን ለቆ በዚሁ መንገድ፥ በማንኩሳ በኩል አድርጎ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ በየስፍራው ውጊያ ሆነ። መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

በዚህ መንገድ የሄደው ሕዝብ በልቡ ምን ይዞ ይሄድ እንደ ነበር እናስብ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ ወር 1928 ዓ. ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ፍጅት ሦስት ቀን ቈይቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተረሽነዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ ለተደረገው የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ሒሳብ በወረራው ዘመን የሞተው ሰው 760,300፥ የጠፉት አብያተ ክርስቲያናት 2,000፥ የፈረሱት ቤቶችም 525,000 እንደ ሆኑ ተገልጧል። በየቤቱ የሞተ ነበር፤ ለመበቀልም ምክንያት የሌለው ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም.፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ገቡ። በከተማይቱም ውስጥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የጣልያን ሰላማውያን ሰዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፥ ይገኙ ነበር። የበቀል ቀን ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያን ዕለት ንግግራቸው ሕዝቡ ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት የሠራውን ዓይነት ግፍ ሠርቶ የኢትዮጵያን ስም እንዳያጐድፍ አዘዙ። አርበኞቹም ጠብመንጃቸውን እንደ ያዙ ሰሙ፤ የተፈራውም እልቂት ሳይሆን ቀረ። ኋላም በአገራችን ቀርተው በእጅ ሥራቸው ሲያገለግሉ የኖሩ ጣልያኖች ነበሩ።

በዚያን ቀን የሰው ሁሉ ልብ ተፈወሰ አንልም። የትእዛዙም ምክንያት ሁሉ መንፈሳዊ ብቻ ነበር አንልም፤ አገሪቱ በዓለም ፊት መልካም ስም ያስፈልጋት ነበርና የመንግሥት ጥበብም ነበረበት። ነገር ግን አንድ ነገር እርግጥ ነው፤ እጅ የተያዘው መምታት በሚችልበት ሰዓት ነው። መምታት የማይችል ሰው ቢታገሥ ድካም ይሆናል፤ መምታት የሚችል ሰው ሲታገሥ ግን ይቅርታ ይሆናል።

ይቅር መባሉም እውነትንና ካሳን አላስቀረም። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ. ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍልና የዘረፈችውን ቅርስ እንድትመልስ ተወሰነ። በኋላም በስምምነት በተከፈለው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። የአክሱም ሐውልት ግን በ18 ወር ውስጥ ሊመለስ ሲገባው አገሩ የደረሰው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ. ም. ነው። ማርሻል ግራዚያኒም በአገሩ በጣልያን በ1942 ዓ. ም. የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው እንጂ ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ብዙ ሳይቈይ ተፈቷል። በ2004 ዓ. ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ይህን ስንሰማ ልባችን ይቈስላል። እንግዲያስ የ1933ቱ ይቅርታ በከንቱ ቀረ ወይ? አልቀረም። በዳዩ ንስሓ ባይገባም የተበዳዩ እጅ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። የካቲት 12ን በየዓመቱ ስናስብም ሙታናችንን ያለ ኀፍረት የምናስበው በእነርሱ ስም የሕፃናት ደም ስላላፈሰስን ነው።

ወንድም ሲበድል

ነገር ግን ባዕድን ይቅር ማለት ወንድምን ይቅር ከማለት ይቀላል። ባዕድ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ወንድም ግን በአጥር ማዶ ይኖራል፥ ጢሱም ይታያል። የጎጃም ታሪክ ይህን ያስተምረናል። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ታስረው ነበር፤ በወረራው ጊዜም ከጠላት ጋር ተባበሩ። በ1933 ዓ. ም. በደብረ ማርቆስ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ግን በሞት አልተቀጡም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው በአዲስ አበባ በቍጥጥር ኖሩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን የተዋጋው ስመ ጥሩው አርበኛ በላይ ዘለቀ ግን ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ፥ በጥር 1937 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ስለ ፍርዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ የጎጃም እናት ግን እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። «ለባዕዱ የተዘረጋው ምሕረት ለወንድሙ ስለ ምን አጠረ?» ትላለች። ይህ ጥያቄ ስለ ነገሥታት ብቻ አይደለም። እንግዳን በፈገግታ እየተቀበልን ከገዛ እኅታችን ጋር ዐሥር ዓመት የማንነጋገር ሁላችንንም ይመለከታል።

ጥያቄው በዘመናችንም ወደ ደጃችን መጥቷል። በ2015 ዓ. ም. በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ ብዙ ቤት ኀዘን ገብቶበታል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በዚሁ የሰላም መንገድ ተብሎ በተሰየመው ከተማ በደረሰው የአየር ድብደባ ቢያንስ 26 ሰዎች እንደ ሞቱ የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ወኪል ተናግሯል። ልጇን ለቀበረች እናት «ይቅር በዪ» ብለን ልንጽፍላት አንደፍርም። ሽማግሌ በለቅሶ ሰሞን የእርቅ ቃል ይዞ አይገባም፤ መጀመሪያ አብሮ ያለቅሳል። እውነቱ እንዲነገርና ፍርድ እንዲሰጥ መጠየቅ መብቷ ነው፤ ይህም ቂም አይባልም። ከእርሷ የምንለምነው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ በሕይወት የቀረላትን ታናሽ ልጇን ለመግደል አታሳድገው። ይህች ትንሽ ነገር የይቅርታ መጀመሪያ ናት፤ ቀሪውን ዘመኑና እግዚአብሔር ይጨርሱታል።

ይቅርታ ያልሆነው ነገር

ሰዎች ይቅርታን የሚሸሹት ብዙ ጊዜ ይቅርታ ያልሆነውን ነገር ይቅርታ ስለሚሉት ነው። ይቅርታ መርሳት አይደለም፤ የማይታወስ ነገር ይቅር ሊባል አይችልምና። ይቅርታ ዳግመኛ ለመበደል ራስን ማቅረብም አይደለም። ባሏ በየጊዜው የሚደበድባት ሴት ይቅር ትላለች ማለት ወደ ዱላው ትመለሳለች ማለት አይደለም፤ ልቧን ከጥላቻ አንጽታ ሰውነቷን ከጕዳት ልትጠብቅ ትችላለች። ዳዊት ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈርጦ በተወው ጊዜ ነፍሱን ማረለት፤ ነገር ግን አብሮት ወደ ቤቱ አልሄደም። ይቅርታ በአንድ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፤ መተማመን ግን እንደ ቡቃያ ቀስ በቀስ የሚያድግ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ልትሠራበት የምትችለውን ጥቂት ምክር ሰብስበን እናቅርብልህ።

1ኛ፤ በልጆች ፊት የዘመድን ወይም የጎረቤትን በደል አትቍጠር። ልጅ የሰማውን ይወርሳል፤ አንተ ነገ ታረቅህ ብትል እንኳ እርሱ የዛሬውን ይዞ ያድጋል።

2ኛ፤ የበደለህን ሰው አስቀድመህ ለብቻው ንገረው። ለሌላ ሰው የተነገረ በደል ሐሜት ሆኖ ይባዛል፤ ለባለቤቱ የተነገረ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ያልቃል። ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ያም ባይሆን ለሽማግሌና ለነፍስ አባትህ አድርስ። ጌታችን በወንጌል ያስተማረን ሥርዓት ይህ ነው።

3ኛ፤ በዳዩ አንተ ከሆንህ ሽማግሌ እስኪመጣብህ አትጠብቅ። ወንጌል መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ወንድሙ የተቀየመበትን ሰው ነው። ቃል ብቻ ይዘህም አትሂድ፤ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ እንደ ቈረጠ አስብ። የገፋኸውን ድንበር ሳትመልስ «ይቅር በለኝ» ማለት ሌላ በደል ነው።

4ኛ፤ የበደለህ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ የሞተ ወይም አገር ጥሎ የሄደ እንደ ሆነ በክርስትና ስሙ ጸልይለት። በመጀመሪያው ቀን ቃሉ በጉሮሮህ ይተናነቅሃል፤ በአርባኛው ቀን ግን ይቀልልሃል።

5ኛ፤ ለሽምግልና ብትጠራ እምቢ አትበል። የሰው ጠብ አያገባኝም ያለ ሰው ነገ በደጁ ሽማግሌ ያጣል።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያውጅ ሁላችንም ወደ ጎረቤታችን ዘወር ብለን እጅ እንነሣለን። ያን ጊዜ ማንን እጅ እንደምንነሣ አንመርጥም፤ በአጠገባችን የቆመውን እንጂ። የቤተ ክርስቲያን ጥበብ በዚህ ይታያል። እጅ የምንነሣበትን ሰው እየመረጥን ብንቆም ኖሮ ከመካከላችን ብዙዎቹ ብቻቸውን በቀሩ ነበር።

ከቡሬ ወደ ደምበጫ የሚያልፈው መንገድ በየዘመኑ ጦርም ነጋዴም ሙሽራም ሬሳም አሳልፏል። መንገድ የሚሰየመው በሄደበት ሰው ነው፤ ሰላም ይዞ የሄደበት እንደ ሆነ የሰላም መንገድ ይሆናል። የየቤታችንም ደጃፍ እንዲሁ ነው።

የተበደሉትን የሚያጽናና፥ የበደሉትን ለንስሓ የሚያበቃ፥ ሽማግሌዎችንም በትዕግሥት የሚያቆም አምላክ፥ ከቂም ሸክም አሳርፎ ለልጆቻችን ሰላምን የምናወርስ ያድርገን። አሜን።